ዝናቡ በቀን ሲቆጠር
የኮሎምቢያው ደራሲ ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ልብ ወለድ፣ ማኮንዶ በተባለች የሙዝ አምራቾች ከተማ ለ4 ዓመት ከ11 ወር ከ2 ቀን ይዘንባል። «ዘመናት ዘነበ» ቢል ተረት ይሆን ነበር፤ ዝናብን በቀን ለሚቆጥር ገበሬ ግን እነዚያ ሁለት ቀናት ያሳምናሉ። አንዲት ቆንጆም ወደ ሰማይ የምታርገው አንሶላ በማጠፍ ላይ ሳለች ነው፤ ምትሃቱ ተራውን የቤት ውስጥ ሥራ ተደግፎ ይቆማል።

ለመታመን የሚቸገረው እውነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በኮሎምቢያዋ ሲዬናጋ የሥራ ማቆም አድማ በመቱ የሙዝ እርሻ ሠራተኞች ላይ ሠራዊቱ ተኩሷል። ማርኬዝ ይህን ወደ ማኮንዶ አምጥቶታል፤ ከጭፍጨፋው የተረፈው ገጸ ባሕርይ ያየውን ሲናገር ሰሚ ያጣል፤ መንግሥትም የሞተ ሰው እንደሌለ ያውጃል። ለቆንጆዋ ዕርገት ሻማ ያበራው ሕዝብ ሬሳ የጫነውን ባቡር አላመነም።