ቆሮሶ ሁሉ አንድ ነው? ከሐራ እስከ ጣና በዓሦች ውስጥ የተደበቀው ልዩነት

ክረምት ላይ ከወልድያ በላይ ባለው ተራራ አናት ላይ ቆማችኋል እንበል። ዝናቡ ይወርዳል። ሁለት ጠብታዎች ጎን ለጎን ወደቁ። አንደኛዋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ወርዳ፣ የሐራን ሜዳ አቋርጣ ወደ አፋር ቆላ ትሄዳለች። ባሕር የሚባል ነገር አታይም፤ እዚያው በረሃ ትቀራለች። ሁለተኛዋ ወደ ምዕራብ ትዞርና ተከዜ ወይም በሽሎ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ከናይል ጋር ሆና ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ ትጓዛለች። ሲወድቁ በመካከላቸው የነበረው ርቀት አንድ ክንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አይገናኙም።

አሁን በጠብታዎቹ ፋንታ ዓሣ አስቡ። አምባዛ በአዋሽ ተፋሰስም አለ፣ በአባይ ተፋሰስም አለ። ስሙ አንድ፣ መልኩም አንድ። አምባዛ እርጥብ መሬት ላይ ትንሽ መሳብ ይችላል፤ ተራራ ግን አይሻገርም። ስለዚህ የወዲህኛው ከወዲያኛው ጋር ሳይዋለድ ትውልድ በትውልድ ላይ ተቆጥሯል። ታዲያ አሁንም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል?

ይህን ጥያቄ የሚመረምረው የሳይንስ ዘርፍ ፖፑሌሽን ጄኔቲክስ ይባላል። «ፖፑሌሽን» የሚባለው በአንድ አካባቢ የሚኖርና እርስ በርሱ የሚዋለድ ስብስብ ነው። ተመራማሪዎች የዓሣውን ክንፍ ጫፍ፣ የጥፍር ያህል ብቻ፣ ቆርጠው አልኮል ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዓሣው ወደ ውሃው ይመለሳል። ከዚያች ቁራጭ ዲኤንኤ ያወጡና የአንዱን ወንዝ ዓሦች ከሌላው ጋር ያነጻጽራሉ።

በሰፌድ ላይ የሚሠራ ሙከራ

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት ሚውቴሽን ነው፤ ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠር ትንሽ ስህተት። ሁለተኛው የተፈጥሮ ምርጫ ነው፤ ለቦታው የተስማማው ብዙ ይወልዳል። ሦስተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ዕጣ።

እስቲ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሰፌድ ላይ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ የሆነ ማሽላ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር ፍሬ ብቻ አንሡ። ስድስት ነጭና አራት ቀይ ወጣ እንበል። ሰፌዱን ባዶ አድርጉና በዚሁ መጠን፣ ማለትም ስድስት እጅ ነጭ በአራት እጅ ቀይ፣ እንደገና ሙሉት። ደግሞ አሥር አንሡ። ይህን ደጋግማችሁ ስትሠሩ ከጊዜ በኋላ አንደኛው ቀለም ጭራሽ ይጠፋል። ቀዩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ዕጣ ስላልወጣለት ነው። አንዴ ከጠፋ ደግሞ ከዚያ ሰፌድ ላይ ቀይ ማሽላ አታገኙም።

አሥር ፍሬ በማንሣት ፋንታ አምስት መቶ ብታነሡስ? መጠኑ ብዙም አይለወጥም ነበር። ሳይንቲስቶች ለዚህ ቀላል ስሌት አላቸው። በየትውልዱ የሚጠፋው የዘረመል ልዩነት አንድ ሲካፈል ለወላጆቹ ቁጥር እጥፍ ነው። የሚራቡት ዓሦች 10 ብቻ ከሆኑ በአንድ ትውልድ አንድ ሃያኛው፣ ማለትም 5 በመቶው ይጠፋል። በአሥር ትውልድ 40 በመቶ ያህል ይሄዳል። የሚራቡት 500 ከሆኑ ግን በአንድ ትውልድ የሚጠፋው 0.1 በመቶ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ውሃ ውስጥ ያለው ዓሣ ሁሉ አይደለም፤ እንቁላል ጥሎ ልጅ ያተረፈው ብቻ ነው። ሐይቁ በዓሣ ተሞልቶም ዘሩ ሊሳሳ ይችላል።

አንድ ስም፣ ብዙ ቤተሰብ

ቆሮሶን ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ሰው ቲላፒያ ይለዋል። በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ዓሣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለሚበላው ሰው የጣናውም የዝዋዩም ቆሮሶ ያው ቆሮሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን ስዩምና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የናይል ቲላፒያን ዲኤንኤ ከተለያዩ ቦታዎች ወስደው አነጻጸሩ። የጣናው ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ። ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ፣ ስሙም ከሐይቁ ተወሰደ።

ይኼ ነገር ለምን ይጠቅማል? የናይል ቲላፒያ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በኩሬ ከሚረቡት ዋነኛ ዓሦች አንዱ ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው ግን አፍሪካና ጥቂት የአካባቢዋ ውሃዎች ናቸው። በሽታ ቢመጣ ወይም ውሃው ቢሞቅ፣ አርቢዎች መፍትሔ የሚፈልጉት በዱር ካለው ዘር ውስጥ ነው። ያ ዘር ካንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው እየተዛወረ ከተደባለቀ፣ እያንዳንዱ ቦታ በሺህ ዓመታት ያጠራቀመው ልዩነት ይደበዝዛል።

ለናንተ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። በሐይቁ ውስጥ ያለው ቆሮሶ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ የገባ ነው። ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ሆኗል፤ ይህን ማናናቅ አይገባም። ከዘረመል አንጻር ግን ዓሣ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ከሰፌዱ ላይ እንደ ተነሣ እፍኝ ነው። እፍኙ ትንሽ ከሆነ፣ በኋላ ዓሣው ሚሊዮን ቢሞላም ከጥቂት አያቶች የወረሰውን ብቻ ይዞ ይኖራል።

የወልድያን መንገድ ይዘን ወደ ጣና

አሁን ከወልድያ ተነሥተን ዳገቱን እንውጣ። በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ስንደርስ የፎገራ ሜዳ ላይ ነን። በስተሰሜን የርብ ወንዝ፣ በስተደቡብ ጉማራ፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ።

ጣና ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች ያሉት የዓሣ ቤተሰብ አለ። ላቤዮባርበስ ይባላል፤ በአካባቢው ነጭ ዓሣ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሲያጠኑት 15 ዝርያዎችን ለዩ። አንዱ ከንፈረ ወፍራም፣ አንዱ አፈ ሰፊ፣ አንዱ ረጅምና ቀጭን። ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ግን አንድ ጥርስ የለም! ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። እኛ ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘን በድምሩ 46 አለን። እነሱ ስድስት ስድስት ቅጂ አላቸው፤ ድምሩ 150 ይሆናል።

የሐይቁ ወለል ጥናት እንደሚያሳየው ጣና ከ15 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። በሥነ ፍጥረት ሚዛን ትናንት ማለት ነው። የዓሦቹ ዲኤንኤም ይህንኑ ይመስላል፤ ብዙው ክፍል በጣም ተቀራራቢ ነው። በሽታን የሚከላከሉት ጂኖቻቸው ሲታዩ ግን ዝርያዎቹ እንዳሻቸው እንደማይደባለቁ ምልክት አለ። ገና በመለያየት ላይ ያለ ቤተሰብ ነው እንበለው። ዝርያ ሲወለድ በዓይን የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

አደጋውም እዚሁ ነው። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ክረምት ሲወጣ፣ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ፣ ወደ ርብ፣ ጉማራና ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የያዘ ሰው የሚጠብቃቸውም እዚያ ነው። አንዳንዴ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበተንና ትልቁም ትንሹም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተደረጉት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ፣ ወንዝ ውስጥ የሚራቡት ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ወንዙ ላይ ግድብ ሲሠራ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይዘጋል።

የማሽላውን ሰፌድ አስታውሱ። በወንዙ አፍ የሚያዘው ዓሣ ዝም ብሎ ዓሣ አይደለም፤ ልክ ሊራባ የሄደው ነው። እፍኙ የሚያንሰው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዓሣ አጥማጁ ይራብ የሚል የለም። መፍትሔው ጊዜና ቦታ ላይ ነው። በመራቢያ ወቅት ለጥቂት ሳምንታት የወንዞችን አፍ መተው፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ አለመጠቀም፣ ግድብ ሲታቀድ የዓሣ መተላለፊያን አብሮ ማሰብ። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315ን ካወጣች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ አለ። የሚቀረው ወንዙ ዳር መተግበሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር እናንተንም ይመለከታል። አንድ ቀን በሐራ ወይም በመርሳ ኩሬ ተቆፍሮ «ዓሣ እናምጣበት» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ጠይቁ፦ ከየትኛው ተፋሰስ? ስንት ወላጅ ዓሦች? ጎርፍ ቢመጣ ኩሬው ሞልቶ ወደየትኛው ወንዝ ይፈሳል? የአባይ ዓሣ በናንተ ኩሬ በኩል አዋሽ ተፋሰስ ከገባ ተራራው የለያቸው በአንድ ሌሊት ይደባለቃሉ። መልሶ መለየት አይቻልም።

ለማሽላ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዘር ባንክ አለ። ፍሬው ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ከማሳ ቢጠፋ ከዚያ ይወጣል። የዓሣ እንቁላል ግን እንደዚያ ደርቆ አይቀመጥም። የዓሣ የዘር ባንኩ ወንዙ ራሱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት በሰፈራችሁ ወንዝ ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ሲያብለጨልጩ ስታዩ፣ እዚያ ያለው ቁም ነገር የዓሣው ብዛት ብቻ አለመሆኑን አስታውሱ።