ከቤት ለሚወጣ ልጅ መሸኛና ስንቅ

ደባርቅና ዳባት ላይ፣ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዱላ የበዛበትን ቤት ትቶ መማር ይቻላል። ልጁን የሚጎዳው በሌሊት ባዶ እጁን መውጣቱ ነው፤ ያለ ትምህርት ቤት ካርድ ጎንደር ቢገባ የሚጠብቀው የቀን ሥራ ነው።

እንደ ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ልምከር። ልጁ መጀመሪያ ለሚያምነው መምህር ይንገር፤ ካርድና መሸኛ ይውጣለት። ከዚያ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት። ቁስል ካለ ግን ጤና ጣቢያና ፖሊስ በዚያው ቀን፤ ሰንበር ሲጠፋ ማስረጃውም ይጠፋል። ማረፊያ ከዘመድ ይፈለግ፤ ፍርድ ቤት ሞግዚት መሾም ይችላል።

«የራሴ ልጅ ነው» ለሚል አባት፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሕፃንን ማንገላታትን በአንቀጽ 576 ይቀጣል።

መምህራን፣ አደራ፣ ምግቡን አትርሱ። ጓደኞቹ ቅዳሜ አገር ቤት ወርደው እንጀራና ቆሎ ይዘው ይመለሳሉ፤ እሱ ስንቅ የሚያቀብለው የለም። ኪራይ ተከፍሎለት እንኳ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በርሃብ ነው። የምታዋጡት ገንዘብ ካለ ከጤፍና ከሽሮ ይጀምር፤ ደብተሩ ይደርሳል።