የትኛው ይቅርታ?

አሜሪካ፣ ሮውሌት ከተማ ባለው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች አኖሩና «አንዲቷም እንዳትጎድል፣ ልጄ» አሉኝ። አገር ቤት ሳሉ የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ የወረዳ አደራጅ ነበሩ። ወረቀቶቹ ለአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ግልባጭና የአዘጋጁ መልሶች ናቸው፤ ለጥገኝነት ማመልከቻቸው ይተረጎማሉ። ስማቸው እስካልተነሣ ድረስ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ «ጥር 2001» ይላል። በፈረንጆቹ 2009 መሆኑን አጠገቡ ካላሰፈርኩ ዳኛው ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ይህ ቀላሉ ነው።

ያስጨነቀኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ብርቱካን ይቅርታ አልጠየቀችም።» ኋላ የአንድነት ፓርቲን የመራችው ብርቱካን ሚደቅሳ በ1999 ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት በይቅርታ ወጣች። ስለዚያው ይቅርታ ስዊድን ላይ በመናገሯ በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ዳግም ታሰረች። ከመታሰሯ በፊት «ቃሌ» ብላ ባወጣችው ጽሑፍ ግን በሽማግሌዎች አማካይነት የተዘጋጀውን ሰነድ መፈረሟን አልካደችም። አዘጋጁም ይህን አንሥቶ «የትኛውን ይቅርታ ማለትዎ ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ጥሩ አዘጋጅ ነበር።

በአማርኛ መንግሥት የሚሰጠውም፣ በዳይ የሚጠይቀውም አንድ ቃል ነው፤ የአንዲት ሴት ነፃነት በዚህ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እንግሊዝኛው «ፓርደን» እና «አፖሎጂ» ብሎ ይለያቸዋል። አንዱን ከመረጥኩ እናትና አዘጋጁ በደብዳቤ የተሟገቱበትን ነገር እኔ ዘጋሁት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ትቼ ሁለቱንም ትርጉም በግርጌ አስቀመጥኩ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ያዝዛል፤ በሌላ መንገድ ቢሆን እጄ እሺ አይለኝም።

በሁለተኛው ደብዳቤ እናት አስተካከሉ፦ «ፈርማለች፤ የወጣችው ግን በሽምግልና ነው።» ሽምግልና! ለእሱም ግርጌ ላይ ሦስት መስመር ፈጀብኝ። አንብቤ ሳስረዳቸው «ይፍጅ» አሉ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ጥቅምት 2003 ላይ ተጽፏል። ብርቱካን መስከረም 26 ተፈትታለች፤ አሁንም በይቅርታ። ደብዳቤው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አሁንስ የትኛው ነው?»

የዚህ መልስ በፌስታሉ ውስጥ የለም። አዘጋጁ ያን ጊዜ ከአገር ወጥቶ ነበር።