ከቆዳ ስር ያለው እብጠት ስብ ነው ወይስ ሌላ? ከማስበጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ትከሻ፣ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ስትነኩት ለስለስ የሚል፣ በጣት ሲገፉት ሸርተት የሚል እብጠት አለባችሁ? ብዙ ሰው ወይ «ካንሰር ነው» ብሎ እንቅልፍ ያጣል፣ ወይ «ይጠፋል» ብሎ ይተወዋል፣ አልያም የሚበጣለት ሰው ይፈልጋል። ቀድሞ ማወቅ ያለብን ግን እብጠቱ ምን እንደሆነ ነው።

🔵 ሊፖማ ምንድን ነው?

የስብ ህዋሳት ከቆዳ ስር አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ሲያድጉ ሊፖማ ይባላል። ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ የሚያድገውም ቀስ እያለ በዓመታት ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ወጣቶችም ላይ ይወጣል። በቤተሰብ የሚመጣበት ጊዜም አለ።

«ቅቤ ስላበዛሁ ነው?» አይደለም። ቀጭን ሰውም ላይ ይወጣል፤ ብትከሱም አይጠፋም።

🔵 ግን ሁሉም እብጠት ሊፖማ አይደለም

👉 አንገት ፊት ለፊት ሆኖ ምራቅ ስትውጡ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እንቅርት ሊሆን ይችላል። እንደ አንኮበር ባለ ደጋ አገር ዝናቡ አዮዲንን ከአፈር ስለሚያጥብ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ወሳኝ ነው።

👉 አንገት ጎን፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ከሆነ ንፍፊት ሊሆን ይችላል። ቁስል ሲኖር መጥቶ ይጠፋል። ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለበት የእጢ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው።

👉 መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለው በቆዳ ስር የተፈጠረ ከረጢት (ሲስት) ሊሆን ይችላል። አትጭመቁት፣ ያመረቅዛል።

⚠️ ጠንካራ ከሆነ፣ ሲገፉት ካልተንቀሳቀሰ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ በወራት ውስጥ ቶሎ ካደገ ወይም ማመም ከጀመረ ሳትዘገዩ ታዩት። ጡት ላይ የወጣ እብጠት ደግሞ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሁልጊዜ መመርመር አለበት።

🔵 አታስበጡት፣ አታስተኩሱት

ሊፖማ ውስጥ መግልም ሆነ «መጥፎ ደም» የለም። ስለዚህ ቢበጣ የሚፈስ ነገር የለውም፤ የሚተርፈው ቁስሉ ነው። ብዙ ሰው የተበጣበት ምላጭ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። አንገትና ብብት ላይ ደግሞ ትልልቅ የደም ስሮች አሉ። እብጠቱ ቲቢ ወይም ካንሰር ከሆነም፣ ጠባሳው እስኪድን ሲጠበቅ የሕክምናው ጊዜ ያልፋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

🔵 ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ ጎረቤላና አካባቢው ያላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉላችኋል፤ ደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

✅ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ያያል። ካጠራጠረው አልትራሳውንድ ያዛል ወይም በመርፌ ናሙና ይወስዳል።

✅ ሊፖማ ከሆነ የግድ አይወጣም። ካመማችሁ፣ ካደገ ወይም መልኩ ካስጨነቃችሁ ቦታው ብቻ ደንዝዞ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ።

📱 ስልካችሁንም ተጠቀሙበት። አጠገቡ የ1 ብር ሳንቲም አድርጋችሁ በየወሩ ፎቶ አንሱት። ማደግ አለማደጉን ለሐኪሙ በማስረጃ ታሳያላችሁ። ፎቶውን ኢንቦክስ ልኮ «ምንድን ነው?» ማለት ግን ምርመራ አይሆንም፤ እብጠት በእጅ መዳሰስ አለበት።

ቤታችሁ ውስጥ እብጠቱን በሻርፕ ሸፍኖ ዝም ያለ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት። ሼር 🙏