የሀውስ ሥርዓትና የተማሪዎች ውድድር

በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ከመደበኛ ክፍላቸው በተጨማሪ ከጀማሪው እስከ ተመራቂው ያሉትን አቀላቅሎ በሚይዝ ቡድን የሚታቀፉበት፣ ቡድኑም የራሱን ስም፣ ቀለም፣ ኃላፊ መምህርና የተማሪ አለቃ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ከአቻዎቹ ጋር በስፖርት፣ በክርክር፣ በሙዚቃና በጥያቄና መልስ የሚፎካከርበት አደረጃጀት የሀውስ ሥርዓት ይባላል። ተማሪው በየዓመቱ ክፍል ቢቀይርም ሀውሱን አይቀይርም። ከውጭ ለሚያየው ጎልቶ የሚታየው ዋንጫውና ጭብጨባው ቢሆንም፣ የሥርዓቱ ዋና ቁም ነገር አንድ ልጅ በብዙ መቶዎች መካከል እንዳይጠፋ ስሙንና ጠባዩን ለይቶ የሚያውቅ ታላቅ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ይህ ሲዘነጋ ውድድሩም መልኩን ይስታል።

አጀማመሩ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1440 በተመሠረተው የእንግሊዙ ኢተን፣ በነፃ የሚማሩት 70 ልጆች በግቢው ሲኖሩ፣ ከፍለው የሚማሩት በከተማው ውስጥ ሴቶች በሚያስተዳድሯቸው ማረፊያ ቤቶች ያድሩ ነበር፤ እነዚህ ቤቶች ቀስ በቀስ በመምህራን እጅ ሲገቡ ልጆቹን የሚያሳድረው ሰው ጠባያቸውንና ትምህርታቸውንም የሚከታተል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1828 የራግቢ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሆኑት ቶማስ አርኖልድ ማደሪያዎቹን በመምህራን ኃላፊነት ሥር በማድረግና ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የመምራት ሥልጣን በመስጠት አሠራሩን አጠናከሩት፤ ይሁንና ታላላቆቹ ታናናሾቹን እንደ አሽከር የሚያዝዙበት ልማድ አብሮ በመቀጠሉ፣ ቁጥጥር የሌለው የተማሪ ሥልጣን ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ከዚያው ዘመን መማር ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1862 በብሪስቶል የተከፈተው ክሊፍተን ኮሌጅ ከየቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩትን ልጆች «ሰሜን ከተማ» እና «ደቡብ ከተማ» በሚሉ ሀውሶች ሲያደራጅ፣ ሀውስ ያለ ማደሪያም ሊኖር እንደሚችል ታየ። አሠራሩ ከብሪታንያ ግዛት ጋር ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው የሕንዱ ዱን ትምህርት ቤት ሃይደራባድ፣ ካሽሚር፣ ጃይፑርና ታታ የሚባሉ ሀውሶች ሲኖሩት፣ በጋና የሚገኘው አቺሞታ ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ በሆኑት አፍሪካዊ መምህር በአግሬ ስም ሀውስ ሰይሟል። ልጆች ለዓመታት የሚጠሩበት ስም የቀለም ስም ብቻ ከሚሆን፣ እንዲህ ያለ ታሪኩ ሊነገራቸው የሚገባ ሰው ስም ቢሆን ይመረጣል።

ልጆችን ከፋፍሎ ማፎካከር የራሱ አደጋ አለው። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባሉት የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በሮበርስ ኬቭ ካምፕ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍለው፣ ቤዝቦልና ገመድ ጉተታ ባሉባቸው ተከታታይ ውድድሮች ሽልማት አቅርበው አፎካከሯቸው፤ ቀድሞ የማይተዋወቁትና በኑሮም ተመሳሳይ የነበሩት ልጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቃራኒውን ቡድን ባንዲራ እስከማቃጠልና ማደሪያውን እስከመውረር ደረሱ። ጠቡን ያበረደው አብሮ መብላት ወይም ፊልም ማየት ሳይሆን ሁለቱም ወገኖች ለብቻቸው ሊወጡት የማይችሉት ችግር ነበር፤ የምግብ መኪናው አልነሳም ባለ ጊዜ ልጆቹ ቀደም ሲል እርስ በርስ በተጓተቱበት ገመድ መኪናውን በአንድነት ጎተቱት። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጠቡን አባብሰዋል የሚል ትችት በጥናቱ ላይ ቢቀርብም፣ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሀውሶች የሚፎካከሩበት መርሐ ግብር ሲነደፍ ሁሉም በጋራ የሚሠሩት ሥራ፣ ለምሳሌ ችግኝ ተከላ ወይም ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት፣ አብሮ ሊነደፍ ይገባል።

የውድድሩን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የነጥብ አሰጣጡ ነው። ነጥብ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለወጡት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሀውሱ ሁልጊዜ እነዚያኑ ፈጣን ልጆች ያሰልፋል፤ የቀሩት ከሜዳው ዳር ተመልካች ሆነው ይመረቃሉ። በበርካታ የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች የተለመደው መፍትሔ ስታንዳርድ የሚባለው ነው፤ በዚህ አሠራር ለእያንዳንዱ ዕድሜ የተወሰነ ሰዓት ወይም ርቀት አስቀድሞ ይወጣና፣ ያንን ያሟላ ልጅ ሁሉ ማንንም ባይቀድም ለሀውሱ አንድ ነጥብ ያስገኛል። በዚህ ስሌት አንድ አሸናፊ 8 ነጥብ ሲያመጣ፣ በዝግታ ሮጠው መሥፈርቱን ያሟሉ 30 ልጆች 30 ነጥብ ስለሚያመጡ፣ የሀውሱ አለቃ ፈጣኑን ከማወደስ ይልቅ የሚያፍረውንና ወደኋላ የሚለውን ልጅ እየፈለገ ማለማመድ ይጀምራል። የአባላት ቁጥር እኩል ካልሆነ ድምሩ ለአባላቱ ብዛት መካፈል አለበት፤ መሪው ሀውስ ገና በዓመቱ አጋማሽ የማይደረስበት እንዳይሆንም ነጥቡን በየመንፈቀ ዓመቱ ከዜሮ መጀመር ይበጃል። በአንድ ልጅ ጥፋት የሀውሱን ነጥብ መቀነስ ግን ጓደኞቹን በእሱ ላይ የሚያስነሳ የጅምላ ቅጣት ስለሆነ ሊቀር ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ውድድር የክፍል ለክፍል ሲሆን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከ12ኛ ክፍል ታላቁ ጋር በአንድ ወገን የሚሰለፍበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የሀውስ ሥርዓት ይህን ክፍተት ሊሞላ ቢችልም እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ 2,000 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት በአራት ቢከፈል እያንዳንዱ ሀውስ 500 ልጅ ይይዛልና፣ አንድ ኃላፊ መምህር ይህን ሁሉ ሊያውቅ ስለማይችል ሀውሱ በውስጡ ከ20 እስከ 25 ልጆች ወዳሏቸው፣ እያንዳንዳቸው መምህር ወደተመደበላቸው ቡድኖች መውረድ አለበት። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም የጠዋቱና የከሰዓቱ ልጆች ስለማይገናኙ ሀውሱ በየፈረቃው ሊደራጅ ይገባል። ሥርዓቱን ለመጀመር የሚያስቡ ርዕሳነ መምህራን ዋንጫ ከመግዛታቸውና ቀለም ከመምረጣቸው አስቀድሞ፣ መምህሩና የሀውሱ ልጆች በየሳምንቱ የሚገናኙበትን አንድ ክፍለ ጊዜ በመርሐ ግብራቸው ላይ ያስፍሩ።