ከቢሾፕስጌት በር ውጭ

እ.ኤ.አ. በ1576 ከለንደን ቅጥር ውጭ፣ ከቢሾፕስጌት በር ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ፣ ለጡብ የሚሆን አፈር ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ገንቦ አገኙ። ውስጡ አመድና የተቃጠለ የሰው አጥንት ነበረበት። ሌላ ገንቦ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። ከአመዱ ጋር የሮማ ነገሥታት ሳንቲሞች ተገኙ። ወሬው ጆን ስቶው ዘንድ ደረሰ። ስቶው በሙያው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልቡ ግን ሌት ተቀን የከተማዋን ታሪክ ሲያሳድድ ይኖር ነበር። ከግኝቱ አንድ ገንቦ ከነአመዱና ከነአጥንቱ ለራሱ አስቀረ። ከእርሱም ጋር ቁጢጥ ያለች ጥንቸል የምትመስል፣ መክፈቻዋ በሁለት ጆሮዎቿ መካከል የሆነ፣ ከነጭ ሸክላ የተሠራች ትንሽ ዕቃ ወሰደ።

ሮማውያን ሙታናቸውን የሚቀብሩት ከከተማ ውጭ፣ በአውራ ጎዳና ዳር ነበር። ያ ሜዳ ደግሞ ከለንደን ተነሥቶ ወደ ሊንከንና ወደ ዮርክ ይወስድ በነበረው የሮማውያን ጎዳና፣ በኧርሚን ስትሪት፣ ዳር ይገኝ ነበር። ሜዳው በኋላ ስፒታልፊልድስ የሚባል ሰፈር ሆነ። ስቶው ከሰፈሩ ምስጢር ያየው የላይኛውን ሽፋን ብቻ ነበር።

ዘመናት አለፉ። ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ሐር ሸማኔዎች መጥተው ሠፈሩበት። የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ተተከለ፤ ገበያውም ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። በቦታው ቢሮዎች ሊሠሩ ታቅዶ ስለነበር፣ መሠረት ከመጣሉ በፊት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ገቡ። በ1999 ከድንጋይ ሣጥን ውስጥ የእርሳስ ሣጥን፣ ከእርሳሱም ውስጥ በ4ኛው መቶ ዘመን የሞተች ወጣት ሮማዊት ወጣች፤ ሐርና የወርቅ ክር አብሯት ተቀብሮ ነበር። ለንደን ጉድ አለች፤ ሕዝቡ ሊያያት ተሰለፈ። ቆፋሪዎቹን እንቅልፍ የነሣቸው ግን ከዚህች ባለጸጋ ሴት ይልቅ በአጠገቧ የተገኙት ስም የለሽ ድሆች ነበሩ።

በዚያ ስፍራ በ1197 የተመሠረተ የቅድስት ማርያም ገዳምና ሆስፒታል ነበር። ድሆችን፣ መንገደኞችንና ነፍሰ ጡሮችን ይቀበል ነበር። ከመቃብር ስፍራው ከ10,500 በላይ አጽሞች ወጡ። አብዛኞቹ እንደ ወጉ ለየብቻቸው የተቀበሩ ነበሩ። አንዳንዶቹ ጉድጓዶች ግን ሰፋፊ ነበሩ፤ ወንድ፣ ሴትና ሕፃን በአንድነት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ተኝተውባቸዋል። ቀባሪዎቹ ቸኩለው ነበር፤ ሆኖም አስከሬኖቹን በሥርዓት አስተኝተዋቸዋል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ የጨረሰው ምን ነበር?

መልሱ ቀላል መሰለ። በ1348 ለንደን የገባው ወረርሽኝ፣ ጥቁሩ ሞት፣ ከተማዋን አራቁቷት ነበር። ከዚህ ሌላ ማን ይጠረጠራል? በአጥንት ውስጥ በቀረው ካርቦን ዕድሜ የሚያሰላው ምርመራ ሲመጣ ግን ግምቱ ፈረሰ። ሰዎቹ የሞቱት ወረርሽኙ ከመድረሱ ወደ መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ በ1250ዎቹ አካባቢ ነበር።

አጽሞቹን ያጠኑት ዶን ዎከርና ባልደረቦቹ ፊታቸውን ወደ ጥንት ጽሑፎች መለሱ። ማቲው ፓሪስ የተባለው የሴንት ኦልባንስ መነኩሴ ስለ 1258 የጻፈው እዚያ ጠበቃቸው፦ የጸደይ ብርድ አልለቅ አለ፣ ሰብል ጠፋ፣ እህል እንደ ወርቅ ተወደደ፣ በለንደን ብቻ 15,000 ሰው በረሃብ አለቀ። ጊዜው ገጠመ፤ ገዳዩ ረሃብ መሆኑ ታወቀ። ሰማዩን ያን ያህል ያከፋው ምን እንደሆነ ግን መነኩሴው ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ፍንጩ የነበረው ሰው በማይኖርበት በረዶ ውስጥ ነው። በግሪንላንድም በአንታርክቲካም በረዶ የሚቆፍሩ ሳይንቲስቶች በ1258 አካባቢ በተጋገረው ንብርብር ከፍተኛ የድኝ አሲድ ካገኙ ቆይተዋል። በሁለቱም ዋልታ መገኘቱ በምድር ወገብ አጠገብ አንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ እንደፈነዳ ያመለክት ነበር። የትኛው ተራራ? የሜክሲኮው ኤል ቺቾን ተጠረጠረ፤ የኢኳዶሩ ኪሎቶአም ተጠረጠረ። ሁለቱም ከማስረጃው ጋር አልገጠሙም። ጥያቄው ለሠላሳ ዓመት ያህል መልስ አጥቶ ቆየ።

የፈረንሳዩ ፍራንክ ላቪኝና ጓዶቹ በኢንዶኔዥያ፣ በሎምቦክ ደሴት የተከመረውን አመድ ሲመረምሩ አንድ ያልተለመደ ምስክር አገኙ። በዘንባባ ቅጠል ላይ በጥንታዊ ጃቫንኛ የተጻፈ ዜና መዋዕል ነበር። ሳማላስ የተባለ ተራራ ተንዶ ፓማታን የምትባለውን ከተማ እንዳጠፋት ይተርካል። በአመዱ ውስጥ ከስለው የቀሩ የዛፍ ግንዶች ዕድሜ ተለካ፤ የአመዱ የኬሚካል ይዘት በዋልታ በረዶ ውስጥ ከተገኙት ደቃቅ የመስተዋት ቅንጣቶች ጋር ተነጻጸረ። ሁሉም ተገናኘ። በ2013 ውጤቱ ታተመ፤ ተራራው ሳማላስ፣ ዓመቱም 1257 ነበር።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ ሰብል የተበላሸውና እህል የተወደደው ከፍንዳታው አስቀድሞ ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሳማላስ ላይ መጫን አይገባም ብለው ተቃወሙ። ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል፦ ተራራው የራበውን ሕዝብ ጨረሰው እንጂ ረሃቡን እርሱ አልጀመረውም። ጎተራው ባዶ ሆኖበት በኧርሚን ስትሪት ወደ ለንደን የወረደ ገበሬ፣ ቢሾፕስጌት በር ሳይደርስ የሚያገኘው ያ ሆስፒታል ነበር። አልጋ ያላገኘው ግን በጓሮው ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ተኛ።