በአይኪዶ ዱላ የሚያዘው ለምንድን ነው?

እኛ ሳንጃ ውስጥ ዱላ የማያውቅ የለም። ከብት ጠባቂው ትከሻው ላይ ያጋድመዋል፣ ጎረምሳው ለጥምቀት ይዞት ይጨፍራል። ችግሩ በትንሽ ነገር ጠብ ሲነሳ ያው ዱላ ጭንቅላት ይፈነክታል። ስለዚህ ሰው ላለመጉዳት ብለው ዱላ የሚሰለጥኑ ሰዎች አሉ ስላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ግን የእውነት አሉ።

አይኪዶ የጃፓን የትግል ጥበብ ነው። የመሠረቱት ሞሪሄይ ኡየሺባ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ተወልደው በ1969 አረፉ። በአይኪዶ የሚመታህን ሰው መልሰህ አትመታውም። ከምቱ መስመር ወጣ ትልና በራሱ ጉልበት አዙረህ ትጥለዋለህ። ይሄ በባዶ እጅ ነው። ነገር ግን በብዙ ማሰልጠኛዎች ሦስት የእንጨት መሣሪያዎችም አሉ። ቦከን የእንጨት ጎራዴ፣ ታንቶ የእንጨት ቢላዋ ነው። ጆ ደግሞ ዱላ ነው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቢቆም አገጬ ስር ይደርሳል ማለት ነው። እንደኛ ሽመል ቀጥ ያለ ነው።

ታዲያ በባዶ እጅ ከሆነ ዱላና ጎራዴው ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ራሱ ከጎራዴ የመጣ ነው። አይኪዶ ላይ አንዱ የሌላውን አንጓ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ዝም ብላችሁ ስታዩት ማን እንዲህ ይጣላል ትላላችሁ። ሰውየው ወገቡ ላይ ጎራዴ አለው ብላችሁ ስታስቡት ግን ይገባችኋል፤ እጁን የያዘው እንዳይመዝ ነው።

ለኔ ትልቁ ነገር ርቀት ነው። ጃፓኖች ማአይ ይሉታል። ጓደኛችሁ ዱላ ወደናንተ ይዘርጋ፣ እናንተ ደግሞ አንድ እርምጃ ካልተራመደ በማይነካችሁ ቦታ ቁሙ። ሊመታችሁ ከፈለገ መጀመሪያ እግሩን ማንሳት አለበት፣ እናንተም እግሩን ስታዩ ዞር ለማለት ጊዜ ታገኛላችሁ። ቢላዋ ሲሆን ቦታው ይቀርባል፣ ዱላ ሲሆን ይርቃል። በባዶ እጅ ብቻ የሰለጠነ ሰው ይሄን ልዩነት አያውቀውም።

ሞሪሂሮ ሳይቶ የሚባሉ የኡየሺባ ተማሪ ኢዋማ በምትባል ከተማ የዱላና የጎራዴ ልምምዱን በቅደም ተከተል አስተምረዋል። ባለ 31 እንቅስቃሴው የዱላ ልምምድ በጣም የታወቀ ነው፤ ብቻን ይሠራል። ለሁለት ሲሠራ የሚመታው ልጅ የምሩን ወደ ጭንቅላት ይሰነዝራል፣ ጓደኛው ካልሸሸ ግን ሳይነካው ዱላውን ያቆማል። ማቆሙ ከመምታቱ ይከብዳል። ሆን ብሎ ወደ ጎን ከሳተ ደግሞ ጓደኛው ምንም አይማርም።

አይኪዶ አገራችንም ገብቷል። ዶናልድ ሌቪን የሚባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ስለ አማራ ባህል «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የጻፉ ናቸው። እሳቸው የአይኪዶ ጥቁር ቀበቶ ነበራቸው፣ ሀዋሳ ላይም ወጣቶች አይኪዶ የሚሰለጥኑበት ቦታ እንዲቋቋም ረድተዋል። ሀዋሳ ከሳንጃ በጣም ሩቅ ነው። እኛ ጋ ሽመሉ ሞልቷል፣ የጠፋው አሰልጣኝ ነው። እስከዚያ የርቀቱን ብቻ ሞክሩት፤ ምቱን ግን ተዉት፣ ማቆሙን አልተማርንም።